እውነት ሳይጠይቁት አይነጋም፦ «ምርመራውን ለሊቃውንት እንተው» ላሉ ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። መጀመሪያ ስሜቴ ተነክቶ በንዴት፣ ቀጥሎ ደግሞ ጸሐፊውን እንዳልበድል ረጋ ብዬ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በዘመናችን «በራሴ አእምሮ መርምሬ ደረስኩበት» የሚል ሰው በዝቷል። ይህ ሰው ከሊቃውንት በላይ አዋቂ ነኝ ባይ፣ የብዙኃኑን ስምምነት የሚንቅ፣ ጥርጣሬ የሚዘራና ሐሰተኛ ወሬ የሚያራባ ነው። ስለዚህ ተራው ሰው ጥያቄውን ያቁምና የሚያውቁትን ይስማ። እውነቱም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው ጊዜው ሲደርስ ይወጣል።

ጸሐፊው ይህን በአምስት ነጥብ አስረድተዋል፤ እኔም በእርሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ልክ በሆኑበት ቦታ ልክ ናቸው እላለሁ። ሌላው ቦታ ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ለብዙ ዓመታት አስተማሪ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝና «አትጠይቁ» የሚል ምክር ሲሰጥ የምሰማው በተማሪዎቼ ጆሮ ነው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ማንም ሰው ሁሉን ነገር በራሱ ሊያረጋግጥ አይችልም፣ ስለዚህ የሚያውቁትን ማመን ግዴታ ነው የሚል ነው።

ግማሹ እውነት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ስገባ የሞተሩን ብሎን አልፈትሽም፤ ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒትም በቤተ ሙከራ አልመረምርም። ከማውቀው ነገር እጅግ የሚበዛውን ያወቅሁት ከሌላ ሰው ሰምቼ ነው። ችግሩ ያለው «ስለዚህ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። አውሮፕላኑን የማምነው መሐንዲሱ ስለማይሳሳት አይደለም። ሊሳሳት እንደሚችል ታስቦ ሥራውን ሌላ ሰው እንደገና ስለሚያይበት፣ አደጋ ሲደርስም ምክንያቱ ተመርምሮ ስለሚነገር ነው። እምነቴ የቆመው ሰዎች በሚጠይቁት ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ይቁም የሚል ሰው እኔን ከነእምነቴ አየር ላይ ያንጠለጥለኛል። ሊቃውንቱ ራሳቸውም ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1660 የተመሠረተው የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ፣ እነ ኒውተን የመሩት ያ የሊቃውንት ማኅበር፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀምበት የላቲን መሪ ቃል «የማንንም ቃል እንዲሁ አትቀበል» እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው ስሟቸው የሚሉን ሰዎች በራቸው ላይ የጻፉት ይህንን ነው።

ሁሉን ማረጋገጥ አይቻልም ማለት ደግሞ ምንም ማረጋገጥ አይቻልም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለዓመታት የምላስን ካርታ አስተምሬአለሁ። ጣፋጭ በምላስ ጫፍ፣ ጨዋማና ኮምጣጣ በጎንና በጎን፣ መራራ ደግሞ ከኋላ ብቻ ይቀመሳል እያልኩ በጠመኔ ምላስ ሥዬ እከፋፍል ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ክኒን ስውጥ ገና ምላሴ ጫፍ ላይ ሳስቀምጠው ይመረኛል» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጅቷ የተናገረችው እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ክኒን በዋጥሁ ቁጥር የቀመስሁትን ነበር። ምላሴ ሁልጊዜ ይነግረኛል፣ እኔ ግን ሥዕሉን አምኜ ምላሴን አልሰማሁትም። በኋላ ፈልጌ እንዳገኘሁት የካርታው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1901 አንድ ጀርመናዊ ተመራማሪ ያወጣው ጥናት ነው። እርሱ የለካው በምላስ ክፍሎች መካከል ያለ እጅግ ጥቃቅን የሆነ ልዩነት ነበር። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጥቃቅኑ ልዩነት ድንበር ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍት ታተመ። ስሕተቱን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም ነበር፤ ምላስና አንዲት መራራ ነገር ይበቁ ነበር። ያቺ ልጅ ከሊቃውንት በላይ ነኝ አላለችም። የተነገራትን ከቀመሰችው ጋር አስተያየች፣ አልገጠመላትም፣ ጠየቀች።

ሁለተኛው ነጥባቸው በተረት የተደገፈ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይሉና፣ ሺህ ሰው ከተስማማ የተለየው አንዱ መሳሳቱ አያጠራጥርም ብለው ይደመድማሉ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በእርግጥም አንዱ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ተረቱን ደግመን እናድምጠው። ሁለቱ ከአንዱ ብርቱ የሚበልጡት ሁለቱም የየራሳቸው ክንድ ሲኖራቸው ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ከመጣ ሸክም እንጂ ጉልበት አልተጨመረም። ሺህ ምስክር የሚከብደው ሺዎቹ በየራሳቸው ዓይን አይተው ሲመሰክሩ ነው። አንዱ አይቶ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ከእርሱ ሰምተው ከሆነ ችሎቱ ፊት የቆመው ምስክር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስንት ሰው ተስማማ ከማለታችን በፊት እንዴት ተስማሙ ማለት ይገባናል።

ሰዎች እንዴት እንደሚስማሙ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሳይቷል። ጥቂት ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ አንድ መስመር ያሳያቸዋል፤ ከዚያ ከሌሎች ሦስት መስመሮች ከዚህ ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው ብሎ በየተራ ይጠይቃቸዋል። ልዩነቱ ሕፃን የሚስተው አልነበረም። ከተሰበሰቡት መካከል ግን በእርግጥ የሚፈተነው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት አስቀድመው ተመክረው የተሳሳተውን መስመር በአንድ ድምፅ የሚጠሩ ነበሩ። ተራው ወደ ተፈታኙ ሲደርስ ዓይኑ አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ጎረቤቶቹ ሌላ። ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከተሳሳቱት ጋር ተስማምተዋል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ከተመከሩት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ እንዲናገር ሲደረግ ተፈታኞቹ በብዙኃኑ የሚሳቡበት ጊዜ በእጅጉ ቀነሰ። የሚገርመው፣ ያ የተለየው ሰው ራሱ ሌላ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ የብዙኃኑ ጫና ይላላ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ተለይቶ የሚናገር ሰው ጥቅም ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ላይ አይደለም፤ ሌላው ሰው ዓይኑን እንዲያምን በሩን መክፈቱም አለ። ጸሐፊው ዝም በል የሚሉት ይህን ሰው ነው። እርሱ ዝም ሲል የሚዘጋው አፍ የእርሱ ብቻ አይደለም።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ አልቆይም። ጥርጣሬ በሽታ ነው፣ የሰውን ሰላም ያናጋል ይላሉ። ሰላም መንሳቱ እውነት ነው፤ የተጠራጠረ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ነገር ግን አንዳንድ እንቅልፍ መታጣት አለበት። ሐኪሟ ፍራንሲስ ኬልሲ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሥራ ከጀመረች ገና በወሯ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1960፣ ታሊዶማይድ የተባለ የማስተኛ መድኃኒት ለሽያጭ እንዲፈቀድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ ቀረበ። መድኃኒቱ በጀርመን ከ1957 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ነበር፤ በሌሎች ብዙ አገሮችም ተፈቅዷል። አዲስ ሠራተኛ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ትፈልጋለች? ኬልሲ ግን የቀረበው ማስረጃ አይበቃም አለች። ኩባንያው ደጋግሞ ወተወታት። እርሷም የመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች እጅና እግር እንደሚደነዝዝ የሚናገር ደብዳቤ በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አነበበች፤ ነርቭን የሚነካ ነገር በማኅፀን ያለ ጽንስን ምን ያደርገዋል ብላ ጠየቀች። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ መልሱ መጣ። መድኃኒቱን እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት የወሰዱባቸው፣ እጅና እግራቸው ሳይሟላ የተወለዱ ሕፃናት በዓለም ዙሪያ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። የዚህች ሴት ጥርጣሬ የማንን ሰላም እንዳናጋና የማንን እንደጠበቀ አንባቢ ይፍረድ።

አራተኛው ነጥብ ግን የጽሑፉ ብርቱ ክንድ ነው፤ በመሸሽ የምመልሰው አይደለም። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ልጆቻቸውን አናስከትብም ብለው ለኩፍኝ የዳረጉት ወላጆች ሁሉም «ራሴ መርምሬ ነው» የሚሉ ናቸው፤ የነጻ ምርምር ፍሬው ይኸው ነው።

ይህን ሲጽፉ ተቆርቁረው እንደሆነ ይሰማኛል፤ ቁጭታቸውን እጋራለሁ። በክትባት ሊድን ሲችል በኩፍኝ የሚሞት ልጅ የማንንም ሐሳብ ማስጌጫ መሆን የለበትም። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ሥሩ እንውረድ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ፍርሃት በዓለም ላይ የነዛው ማን ነው? ተራ ወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ላንሴት በተባለው፣ በሕክምናው ዓለም እጅግ ከሚከበሩት አንዱ በሆነው መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነው። የተመለከታቸው ልጆች አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። ወላጆቹ ያደረጉት ጸሐፊው አድርጉ የሚሉንን ነው፤ የተማረውን ሰው አመኑ።

ያፈረሰውስ ማን ነው? የሐኪሙን ስምና የመጽሔቱን ክብር እንዳለ ያልተቀበሉ ሰዎች ናቸው። በዴንማርክ ተመራማሪዎች ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ልጆችን መዝገብ አገላብጠው፣ የተከተቡት ካልተከተቡት ይልቅ ለኦቲዝም እንዳልተጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳወቁ። አንድ ጋዜጠኛ ደግሞ የአሥራ ሁለቱን ልጆች ታሪክ ለዓመታት ተከታትሎ ጽሑፉ ውስጥ የተባለውና በመዝገብ ያለው እንደማይገጥም አሳየ። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘ፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት የሙያ ፈቃዱን ተነጠቀ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሽታው ያለ ጥያቄ ማመን፣ መድኃኒቱ ደግሞ መጠየቅ ሆኖ ነው የማገኘው። ጸሐፊው የያዙት ምስክር የእኔ ምስክር ነው።

ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከ2010 በኋላም እምቢ ያሉ ወላጆች አሉና። እነርሱስ? እዚህ ላይ ነጻ ምርምር የምንለው ነገር ምን እንደሆነ መለየት አለብን። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ አሥራ አምስት ጽሑፍ ያነበበ፣ አሥራ አምስቱም ቀድሞ የሚያምነውን የሚነግሩት ሰው አልመረመረም። ያደረገው አጋር መሰብሰብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከሊቃውንት ሥልጣን ወጥቶ ነጻ አልወጣም፤ ጌታ ብቻ ነው የለወጠው። አዲሱ ጌታ የገዛ ራሱ ምኞት ነው፤ ያ ደግሞ ከሊቃውንቱ ሁሉ የከፋ ጌታ ነው፣ ፈጽሞ አይከራከርህምና።

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የብርሃንን ነገር የመረመረው ኢብን አል-ሃይሰም ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በዘመኑ እጅግ ይከበር የነበረውን፣ የጥንቱን የሥነ ፈለክ ሊቅ የበጥሊሞስን ሥራ ሲተች፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው ላነበበው ነገር ሁሉ ተቃዋሚ ሆኖ ከየአቅጣጫው ሊፈትነው ይገባል ብሏል። ብዙዎች ጠቅሰው የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። እርሱ ግን አላቆመም። በሚፈትንበት ጊዜ ራሱንም ይጠርጥር፣ በጥላቻም ሆነ በልስላሴ እንዳይወድቅ ብሎ ጨመረበት። ዛሬ የጎደለን ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ጸሐፊው ግማሹ ስለጎደለ ያለውንም ግማሽ ከሰዎች እንቀማ ይሉናል፤ እኔ የጎደለውን እናስተምር እላለሁ። ተማሪዎቼን ሐሳብ ባመጡልኝ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ ምን ብታይ ይህን ሐሳብህን ትተዋለህ? መልስ ያለው ልጅ መርማሪ ነው። «ምንም» ያለኝን ልጅ ወላጁ ፕሮፌሰር ቢሆን ገና አልጀመረም እለዋለሁ።

አሁን የቀረው አምስተኛው ነው፤ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ እንዳነብ ያደረገኝም እርሱ ነው። መጨነቅ አያስፈልግም፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ።

ንጋት ማንም ሳይነካው ይመጣል። ብንተኛም ይነጋል። እውነት ግን እንዲያ ሲነጋ አላየሁም፤ ሌሊቱን ነቅቶ የጠበቀው ሰው ባለበት ብቻ ነው የነጋው። ደግሞም «እያደር» የምትለዋ ቃል ስንት ሌሊት እንደሆነች፣ በእነዚያ ሌሊቶች ውስጥ ማን እንደሚሞት መቁጠር ያስፈልጋል።

በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱ መቶ እናቶች ከአሥራ አንድ በላይ ሞቱ፤ በሁለተኛው ሦስት እንኳ አልሞሉም። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ምክንያቱን ያውቁ ነበር፤ ማለትም የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር። የተበከለ አየር ነው ይሉ ነበር።

ኢግናዝ ሴመልቫይስ የሚባል ወጣት ሐኪም ግን አንድ ቀላል ጥያቄ አላስተኛው አለ። ክፍሎቹ በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው፣ አየሩ አንድ ነው፤ ታዲያ አየሩ የትኛው በር የማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል? መጨናነቅ ነው እንዳይል ይበልጥ የተጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ነበር። እናቶቹ ሲወልዱ የሚተኙበትን አኳኋን አስለወጠ፤ ለውጥ የለም። ለሚሞቱት ጸሎት ሊያደርስ በአንደኛው ክፍል አቋርጦ የሚያልፈው ቄስ ደወሉ ያስደነግጣቸው ይሆናል ተባለ፤ ቄሱ ያለ ደወል በሌላ መንገድ እንዲሄድ አደረገ፤ አሁንም ለውጥ የለም። የማያስቅ ነገር የለም እዚህ ውስጥ ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን ይህን ሳነብ አክብሮት ነው የሚሰማኝ። ሰውየው የሌሎችን ግምት ብቻ አይደለም የጣለው፤ የራሱንም አንድ በአንድ ፈትኖ ጣለ።

እ.ኤ.አ. በማርች 1847 ጓደኛው የሆነ ሐኪም አስከሬን ሲመረመር ጣቱን በስለት ተወግቶ ሞተ። የጓደኛው አስከሬን ሲመረመር የታየው በአራሶቹ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሴመልቫይስ ያን ጊዜ ገባው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን መርምረው በዚያው እጃቸው እናቶችን ያዋልዳሉ፤ አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። ሞቱን ከክፍል ክፍል የሚያመላልሰው የሐኪሙ እጅ ነው። በሜይ ወር እጅ ሁሉ ክሎሪን ባለው ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በአፕሪል ከመቶ አሥራ ስምንት ያህል የነበረው ሞት በጁን ወደ ሁለት፣ በጁላይ ወደ አንድ ወረደ።

ነጋ? አልነጋም። ጥቂቶች ተቀበሉት፤ ብዙዎች የሐኪም እጅ ይገድላል መባሉን አልታገሡትም። በ1849 የሥራ ውሉ አልታደሰለትም። የእርሱም ጥፋት አለበት፣ አልሸፍንም። ግኝቱን በመጽሐፍ ያወጣው በ1861 ነው፤ ያልተቀበሉትን ከማስረዳት ይልቅ በክፉ ቃል ይዘልፍ ነበር። ያየውን ለሌሎች ዓይን አመቻችቶ አለማቅረብም ከነጻ ምርምር ጉድለት ይቆጠራል። በ1865 የአእምሮ ሕሙማን በሚያዙበት ቤት ሞተ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳትን ተህዋስ በፓሪስ ለሐኪሞች ያሳየው በ1879 ነው። የጸሐፊው «እያደር» በዚህ ታሪክ ሠላሳ ሁለት ዓመት ነበረች።

ከሁሉ በላይ የማይወጣልኝ ግን ሌላ ነው። ሴመልቫይስ ራሱ እንደመዘገበው፣ ከሐኪሞቹ ሁሉ አስቀድመው ነገሩን ያዩ ሰዎች ነበሩ። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት ነፍሰ ጡሮች ናቸው። አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ፤ ሕክምና የተማረች አንዲትም አልነበረችም። ተህዋስ የሚባል ነገር አያውቁም። ግን የየትኛው ክፍል እናቶች ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱና የየትኛው እንደማይመለሱ ያውቁ ነበር። ተራቸው ለአንደኛው ክፍል ሲወጣ ተንበርክከው እጃቸውን እያፋተጉ ይለምኑ ነበር፤ እዚያ አታስገቡን፣ ወደ ሁለተኛው ውሰዱን እያሉ።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። እ.ኤ.አ. በ1846 በዚያ ደጃፍ ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ ማንን ይሰሙ ነበር?